ሰባተኛው ስፌት

ሐይቁ ዳሩ አልበቃ ብሎት፣ ቆላውን የዋጠ ለት፣
ከቢስቲማ እስከ ሐርዲቦ፣ ማሽላው የሰጠመ ለት፣
ሞፈር ቀንበሩን ጥሎ፣ ሰው ሁሉ አምባሰል ሲወጣ፣
አረቡ ሙሄ ብቻውን፣ መጋዝ ይዞ ቁልቁል መጣ።

«እንጨት ያላችሁ እንጨት፣ ክንድ ያላችሁ ክንድ» አለን፣
«የወይራ ችካል እንትከል፣ ዋንዛውን ሰንጥቀን ጥለን፤
ውሃ ጠላት አይደለም፣ መንገድ ነው ያልለመድነው።»
ሳቅንበት እንጂ ያን ቀን፣ ማን ነበር ቃሉን ያመነው!

በሦስተኛው ክረምት ሰባ ሰው ነበርን፣ ዳሱ የንብ መንጋ፣
ደምሌ ሲጠርብ፣ ይመር ብረት ሲመታ ሌሊቱ ሲነጋ።
እኔ ሉባባ ነበርሁ፣ የስፌት ደፋኟ፣
ጥጥ በሰም ነክሬ፣ የሳንቃን አፍ ዘጊ፣ የውሃ ዘበኛ።

«አባ ሳንቃ» አልነው፤ ስም አወጣንለት እንደ ፈረስ ጌታ፣
ቢሮ አልነበረውም፤ የደሞዝ መዝገቡን ይጽፍ ነበር ማታ
በተገለበጠ ጀልባ ሆድ ላይ ሆኖ፣ በኩራዝ ጭላንጭል፣
የማን ልጅ እንደሳለ፣ የማን ጣራ እንዳፈሰሰ፣
ከብሩ አጠገብ እየጻፈ በአንድ በሁለት ቃል።

አዲስ መርከብ ሲወርድ፣ በከበሮው መሐል፣ በእልልታው መሐል፣
እሱ ከሆዷ ገብቶ፣ ጆሮውን ከሳንቃው ለጥፎ ይተኛል።
«እናንተ ዘፈን ስሙ፣ እኔ ውሃ ልስማ» ይል ነበር ስቆ፣
አንዲት ጠብታ ካለች፣ ያወጣታል ድምጿን ከጫጫታው ነጥቆ።

«ሸጊት» ያልናት መርከብ፣ ባለ ሁለት ምሰሶ፣ የዝግባ ሙሽራ፣
የወረደች ሰሞን ወባ ጥሎት ነበር፤ አልተኛም ከእሷ ጋራ።
እኔም ያን ለት ማታ፣ ሰሙ አልቆብኝ ሳለ፣ ጀምበር ስትጣደፍ፣
ሰባተኛው ስፌት ላይ ደረቅ ጥጥ ወተፍሁ፣ «ነገ» ብዬ ለማለፍ።

ነገ «ሸጊት» ሄደች።
ጨው ልታመጣ፣ ጦሳን በስተቀኝ ትታ።
ዘጠኝ ሰው ተሳፍሮ፣
ስድስቱን የምሰሶ ስባሪ አዝሎ መለሰ፤ ሦስቱን ውሃ አስቀረ።
ከሦስቱ አንዱ የይመር ልጅ ነበር።

አውጫጭኝ ተጠራ ከዋርካው ሥር፤ ሰባው በየተራው ማለ።
የኔ ተራ ሲደርስ፣ ምላሴ እንደዚያ ጥጥ ደርቆ ሳለ፣
አረቡ ከነወባው፣ ጋቢውን እየጎተተ ተነሣ፣
«ሰባተኛው ስፌት የኔ ነው» አለ፤ «ሳላዳምጥ የለቀቅኋት እኔ ነኝ፤ ሌላ ስም አይወሳ።»

በቅሎውን ሸጠ፣ የሐርቡ መሬቱን ሸጠ፣ ካሳውን ከፈለ፤
ይመር ብሩን አየው፣ አየው፣ መለሰው፤ «ችንካር ግዙበት» አለ።

ማታ እኔ ዘንድ መጣ። ምንም አልጠየቀኝ።
አንድ እንስራ ሰም ከእግሬ ሥር አኖረ።
«አብሽሪ ሉባባ፤ ሲያልቅብሽ ንገሪኝ።»
ይኸው ነው የተናገረ።

ዘንድሮ በሚያዝያ አባ ሳንቃ ሄደ፤ ውሃ ሳይሆን ሳል ወሰደው፣
የመቃብሩን ክዳን የጠረበው ደምሌ፣ በዕንባው እያራሰው።
እኔም ሌሊቱን ሙሉ ሰም አቅልጬ ክፍተቱን ስደፍን፣
ሸህ ኑርየ አዩኝና፣ «ልጄ፣ የሚገባው አፈር ነው፣ ውሃ አይደል» አሉኝ፤
አልከለከሉኝም ግን።
ሰባተኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፤
ሁለቴ ደፈንሁት፣ ጥፍሬ እስከታመመ።

አሁን ዳሱ ጭር ብሏል። መዝገቡን ገለጥሁት።
በዚያ ሳምንት ገጽ ላይ፣ ከስሜ አጠገብ፣
በእሱ እጅ፣ «ሰም አልቋል» ይላል።
ከመርከቧ በፊት ጽፎት ረስቶት ይሆን? ወይስ በኋላ?
እርጥበት በልቶት ቀኑ ደብዝዟል።

«ነገ ለይመር እነግረዋለሁ» ብዬ፣ ኩራዙን ላጠፋ ከጀለኝ።
ነገ!
ያቺው ደረቅ ጥጥ።
አላጠፋሁትም፤ ይዤው ወጣሁ።
የይመር ምድጃ ገና እሳት አለው፤ በሩም ክፍት መሰለኝ።